እስከ 2022

ሰኞ

ኢንተርኔት መጣ። ከወራት በኋላ። ስልኩ እንዳበደ ይንጫረር ጀመር፤ ጦርነቱ ሳይገባ የተላከው፣ ከገባ በኋላ የተላከው፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ልጄ ከአዲስ አበባ «አባዬ አለህ?» ብላ ዘጠኝ ጊዜ ጽፋለች። በስልክ ማውራት ከጀመርን ቆይተናል፤ መኖሬን ታውቃለች። ቢሆንም ዘጠኙንም አነበብኳቸው።

አንዱ ደብዳቤ ግን አናደደኝ። የጻፈችልኝ የማዕቀፉ የትርጉም አስተባባሪ ናት። ማዕቀፍ የምለው ድረ ገጽ የሚሠራበትን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን ነገር ነው፤ መመሪያውን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ብቻ ነኝ። የሦስተኛው እትም ድጋፍ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ያበቃል ትላለች። አማርኛው እስከዚያ ወደ አራተኛው ካልተሻሻለ ከገጹ ይወርዳል።

ደብተሬን ከፈትኩ። በእጄ ጽፌዋለሁ፦ «ሦስተኛው እትም፣ ድጋፍ እስከ 2022»። ዘንድሮ 2014 ነው። ስምንት ዓመት አለኝ። ሴትዮዋ ተሳስታለች።

ማክሰኞ

መሳሳቷን ጻፍኩላት። አጭር፣ ጨዋ ደብዳቤ። በእርሻ ጽሕፈት ቤት ሃያ ዓመት የጻፍኩት እንደዚያ ነው።

ኢንተርኔቱ በጠፋባቸው ወራት የተረጎምኩት፦ አሥራ አንድ ምዕራፍ። በፊት ከወጡት ሰባት ጋር አሥራ ስምንት። መመሪያው አለቀ ማለት ነው። ደሴ አሳትሜው የነበረውን እንግሊዝኛ እያየሁ፣ በእጄ።

ረቡዕ

መልስ መጣ። «ውድ ይመር፣ አሁን እኮ 2022 ነው።»

ደብተሬን እንደገና ከፈትኩ።

የፈረንጅ ቀን ወደኛ ሳልመልስ ደብተሬ ላይ አላሰፍርም። ደንቤ ነው። ያቺን አንዲት መስመር ግን እንዳለች ገልብጫታለሁ። ደንቤን ስለማምን ደግሜ አላየኋትም።

ልጄ ውጣ ብላ ስትለምነኝ፣ ሐይቅ ከተማ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲተም፣ «ስምንት ዓመት የሚያገለግል ሥራ ጥዬ አልሄድም» ያልኳት እኔ ነኝ። ደብተሮቹንና ላፕቶፑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ የበጎቹ ጋጥ ውስጥ ቀበርኩ። ከላይ ሆኜ ጠበቅኳቸው። ለካ የምጠብቀው ሊሞት ወራት የቀረውን ነው።

ለልጄ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ምንም አልሠራሁም። በአራተኛው እትም የተቀየሩትን ዝርዝር ብቻ አነበብኩ። የገጽ አድራሻ አጻጻፍ፣ ተቀይሯል። ምዕራፍ ዘጠኝ፣ የለም። ምዕራፍ አሥራ ሁለት፣ ለሁለት ተከፍሏል። ደህና የሚሠራን ነገር ለምን ይነካሉ?

ጎረቤቴ ዘሀራ ከሐይቁ ዳር የተረፋትን ቆረሶ ዓሣ ይዛልኝ መጣች። ዓሣ ነጋዴ ናት፤ ፊት አይታ አታልፍም።

«አያ ይመር፣ አንቱ ዛሬ ከማን ተጣልታችሁ ነው?»

ነገርኳት።

«ማን ያነበው ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትቆጡት?» አለችና ዓሣውን አስቀምጣ ሄደች።

ዓሣው በጨው ታሽቶ ሳይጠበስ አደረ።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሠናይት ትባላለች፣ ውጫሌ የሒሳብ መምህርት። ቁጥሬን ከመመሪያው ግርጌ አገኘችው። ከጦርነቱ በፊት ሰባቱንም ምዕራፍ አትማ ይዛ ነበር፤ በዚያ እየተመራች የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ሠርታለች።

«ጋሽ ይመር፣ ምዕራፍ ሰባት ላይ ያለው ምሳሌ አይሠራም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

«ይሠራል» አልኳት።

«አይሠራም።»

«እኔ ሳልሞክር የማወጣው ነገር የለም።»

«እንግዲያው ይሞክሩታ፣ እኔ መስመር ላይ ነኝ።»

ሞከርኩት። አልሠራም። አንድ ቅንፍ አልተዘጋም። ሃያ ዓመት በታይፕ ስመታ የኖርኩት ሰው። ግን መስመር ላይ ሆና እየሰማች ስለነበር «ነገ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ምዕራፍ ሰባት ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። እስከዚያ ድረስ እያነበበ የዘለቀ ሰው ነበረ።

ቅዳሜ

በጠዋት ደወልኩ። «ልክ ነሽ» አልኳት። ለመናገር የከበደኝን ያህል ለመስማት አልከበዳትም፤ ሳቀች። እትሙ ሊወርድ እንደሆነም ነገርኳት።

«አውቃለሁ፣ ማስጠንቀቂያው እኔም ጋ ይወጣል። እንግሊዝኛውን ሞክሬ ተውኩት። እርስዎን ነው የምጠብቅ።»

ለአስተባባሪዋ ይቅርታ ጻፍኩ፤ ሦስት መስመር። ቦታዬን እንዳትሰጥብኝ አልኳት። ከደብተሬ 2022ን ሰርዤ ከጎኑ 2014 ጻፍኩ። ከዚያ ምዕራፍ አንድን እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ከሰዓት አለቀ። ሥራዬን ለሌላ ሰው አሳይቼ አላውቅም። ዛሬ ለሠናይት ላክሁላት፦ «ስሕተት ካለው ደውዪ።»

የቀረው አሥራ አራት ቀን ነው፣ ምዕራፉ ደግሞ አሥራ ሰባት። ላይደርስ ይችላል።

የዘሀራን ዓሣ ጠብሼ በላሁ። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። እስካሁን አልደወለችም። ስሕተት አላገኘችም፣ ወይም ገና እያነበበች ነው።