አባዬ የነዳበት የተቆራረጠ መንገድ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ለመነሳት ግድግዳ ትደገፋለህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ ጠኑልህ? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን እንዳልልህ ግን ከትናንት አመሻሽ ጀምሮ ቤታችን ሌላ ሆኗል፤ ጽሕፈቴ ቢበላሽብህ ስለቸኮልኩ ነው። ስልክ ስትደውል ሁሉም ከቦ ስለሚሰማ በስልክ የሚነገር አልሆነልኝም። ይህን የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ከቀትር በኋላ ስለሚነሳ እንደመጣልኝ እጽፍልሃለሁ።

ከመሄድህ በፊት ለአባዬ ያስተካከልክለትን የጭነት መኪና ጌም ታስታውሳለህ። የነበረበትን ከተማ አውጥተህ የእኛን ሰፈር አስገባህበት፤ ማደያውን፣ ድልድዩን፣ የሳሙና ፋብሪካውን በር ሳይቀር። አባዬ ቀን የፋብሪካውን ሰርቪስ ነድቶ ይመጣና ሲመሽ ደግሞ እሱን ይነዳል። እማዬ ሥራውን ቤት ይዞ የሚገባ ሾፌር ይህን ብቻ ነው ያየሁ ትላለች። ባለፈው ወር ስዕሉ ደቀቀብኝ አለ። ዓይንህን ተመርመር ስለው፣ ዓይኔ ምን ሆነና፣ ስዕሉ ነው እንጂ ያነሰው፣ እኔ አስፋልት ላይ ጉንዳን ሲሻገር አያለሁ ብሎ ዘጋኝ። አንተም በስልክ ታይሎቹን አሳድጊለት አልከኝ።

ማስታወቂያ ቤት ፊደልና ፎቶ ሳሳድግ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህ ምን አለው ብዬ ገባሁበት። ለካ ሌላ ጣጣ ነው። ታይል የምትላቸው፣ ሰፈሩ የሚሠራባቸው ትንንሽ ካሬዎች ሁሉ አንድ ሰፊ ስዕል ላይ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ አሥራ ስድስት ነጥብ በአሥራ ስድስት። በአንዴ እጥፍ ሳደርገው ኮምፒዩተሩ ዳር ዳሩን አለሰለሰው። የአስፋልቱ ጥቁር ወደ ሣሩ፣ የሣሩ አረንጓዴ ወደ ግድግዳው ፈሰሰ። እንደገና ጀመርኩ፤ ምንም ሳላለሰልስ፣ አንዷን ነጥብ አራት ነጥብ እያደረግሁ። ምሳ ሰዓቴ ሁሉ በዚህ አለቀ። ወረቀት ቆራጩ ባልደረባዬ በጀርባዬ ባለፈ ቁጥር ሴትዮዋ ባል ሲጠፋ መኪና ያዘች ይላል። ቢሮው ይስቃል። እኔም ስቄአለሁ።

ትናንት ጨርሼ በፍላሽ ይዤ ገባሁ። አባዬ ራት እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቀም። ጫንኩለት፣ ድምፁን ከፈትኩለትና ሻይ ላፈላ ሄድኩ። ሞተሩ ይሰማኛል። ጥሩምባ ነፋ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ያ የሳንቃ ድምፅ መጣ። ከወጥ ቤት ሆኜ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ "አሁን ገና ሰፈር መሰለ። የመንገዱ መስመር ሳይቀር ቁልጭ ብሏል፤ እጅሽ ይባረክ" አለኝ።

ሻዩን ይዤ ስገባ ስክሪኑን አየሁት። ወንድም ጋሼ፣ ሻዩን መሬት አስቀመጥኩት። መንገድ የለም። ቤት የለም። ስዕሉን ሳሳድግ፣ የአንዱን ካሬ ልክ ለጌሙ የሚነግረውን ቁጥር መለወጥ ረስቻለሁ። ስለዚህ ጌሙ ትልቁን ስዕል በድሮው ልክ እየቆረሰ ይለጥፈዋል፤ አስፋልቱ ላይ ግማሽ መስኮት፣ ድልድዩ ላይ የዛፍ ቅጠል፣ ፋብሪካው በነበረበት ውሃ። ወፍጮ ቤት ገብቶ የወጣ ሰፈር ነው። አባዬ ግን ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ በቀኝ ታጠፈ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ፣ ጭነቱን አራገፈ። ከሥር ያለው ካርታ ስላልተነካ መታጠፊያውን በቃሉ፣ ግድግዳውን ሲነካው በሚያሰማው ድምፅ ያውቀዋል። የማደያው ጣሪያ ደምቆ ይታይሃል ወይ አልኩት። ቀይ አይደል፣ እንዴት አይታይ አለኝ። ስክሪኑ ላይ አንድም ቀይ ነገር አልነበረም።

በየጠዋቱ የፋብሪካውን ሠራተኞች ጭኖ የሚወጣው ይህ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት እኔንም ሥራ ቦታ አድርሶኛል፤ ከኋላው ተቀምጬ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

እማዬን ጓሮ ወስጄ ነገርኳት። ትወድቃለች ብዬ ልደግፋት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ የታጠበውን ልብስ ማጠፏንም አላቋረጠችም። "አሁን ገና ነው ያወቅሽው? በየጠዋቱ አብሬው የምወጣው ገበያ ናፍቆኝ መሰለሽ?" አለችኝ። ከክረምት ጀምሮ ከጎኑ ተቀምጣ መብራት ሲቀላ ጉልበቱን ትነካዋለች፣ ሰው ሲሻገር ታስላለች። ተሳፋሪዎቹ የካፒቴኑን ሚስት ጉንፋን አልለቃት አለ ይላሉ አሉ። አንድ ቀን ሳታስይ ብትቀሪስ አልኳት። አንሶላውን ዘርግታ በዚያኛው በኩል ያዥልኝ አለችኝ። ከአባዬ ይልቅ እሷ አስደነገጠችኝ።

ዛሬ ጠዋት ቀድሜያቸው ወጥቼ መኪናው በር ላይ ቆምኩ። አባዬ ገብቶ መሪውን ያዘ፤ እማዬ ቦርሳዋን ታቅፋ ከጎኑ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ትናንት የነዳህበት መንገድ ስክሪኑ ላይ አልነበረም" አልኩት፤ ስህተቴንም እንዳለ ነገርኩት።

መሪውን ሳይለቅ "ማን አየ?" አለ።

"እኔ።"

"አንቺ ብቻ ከሆንሽ ማንም አላየም በይና ዞር በይ።"

እጄን በመስኮቱ አስገብቼ ቁልፉን ነቀልኩት። እጄን ሊይዝ ተወረወረ፤ የያዘው ግን የእማዬን ቦርሳ ነው። ያን ጊዜ ነው እማዬ ያለቀሰችው። ወዲያው የአባዬ ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት፤ ፋብሪካው ነው፣ ሰዎቹ መንገድ ላይ ቆመዋል አለኝ። ሾፌሩ ዓይኑን ታሟል፣ ከዛሬ ጀምሮ አይነዳም አልኩ። አጠገቡ ሆኜ፣ እየሰማኝ።

አሁን ያለህን ድርሻ ልንገርህ። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ አንተ ንገረው። እኔን አርባ አልፎኝም ልጅ ነሽ ይለኛል፤ የአንተን ቃል ግን መሬት አይጥላትም። ቁልፉን ኪሴ ይዤ ስንት ቀን እንደምቆይ አላውቅም፤ ሌላ ቁልፍ ያስቀርጻል። እሁድ ደውለህ ደህና ነኝ ሲልህ እሺ ብለህ እንዳትዘጋው።

ባለቤትህን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ። ጎረቤታችን ሲደርስ ሻይ ሳትጋብዘው እንዳትሸኘው። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ከመኪናው ስላልወረደች በመስኮቱ ነው የነገረችኝ። አባዬም መሪውን እንደያዘ ሰላም ብሎሃል። አባትህ አሁን መንገድ ላይ ነው ብለሽ ጻፊለት አለኝ።

እኅትህ

ከቤታችን ደጃፍ
ረቡዕ፣ ኅዳር 11