የቦራ ልክ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ እፀገነት፣ ድሬዳዋ፤

የድሬ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ መካኒሳ አቦ ደህና ነን፣ አምላክ ይመስገን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው።

የፈረሳችን ውርንጭላ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኮርቻ ተገዛለት፤ ያውም የሙሉ ፈረስ! አባባን ይዞ ገበያ የሄደው ያ የአክስታችን ልጅ ጆኒ ነው። ከሚኒባስ ወንበር በቀር ምንም ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ዛሬ ፈረስ አዋቂ ሆኗል። «ያድግበታል» አለኝ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የገዛ ይመስል! ፈረስ በሰፊ ኮርቻ ጀርባው ይገጠባል እንጂ አያድግበትም። ሻጩም ሌላው ቀጣፊ፣ ሽማግሌ አየና ማንም የማይነካውን እንጨት አሸከመው።

አባባ ራሱ አይደል ያስተማረን? የውርንጭላ ትከሻው እስኪሞላ ከታጠፈ ጆንያ በቀር ምንም አይጫንበትም እያለ፣ በስንዝር እየለካ።

ጆኒን ስሰድበው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የመረጠው አባባ ነው፤ ለቦራ ልኩ ነው ብሎ።» ቦራ እኮ አንቺ ባገባሽ ዓመት የሞተው ፈረስ ነው! ታዲያ ይሄ ደደብ ጆኒ «ሞቷል» የሚልበት አፍ የለውም?

ኮርቻውን አልጋዬ ስር ደብቄዋለሁ። አባባ ጠዋት ጠዋት «ቦራን ልጫን» እያለ ይፈልገዋል፤ እኔም ጆኒን እሰድባለሁ።

ለባልሽና ለልጆችሽ ሰላምታዬ ይድረስ። ለፋሲካ ስትመጪ እንደ ድሮው ዘው ብለሽ አትግቢ። በሩ ላይ ቁሚና «እፀገነት ነኝ፣ ልጅህ» ብለሽ ግቢ።

ታናሽ ወንድምሽ ሚሳኤል