ድኗል ስለተባለው እጄ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዳይሬክተርና ቀዶ ሐኪም፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና በተለይም አሥሩ ጣቶችዎ እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኔ ከስምንቱ ጋር ደኅና ነኝ።

ከገበያው ጥግ ያለሁት ሥጋ ቆራጭ ነኝ። የግራ እጄ አንጓ ላይ ነርቭ ተጨምቆ ጣቶቼ ቢደነዝዙ፣ እርስዎ በቢላዎ ቀድደው ከፈቱልኝ። ምስጋናዬን በአደባባይ የምጽፈው ዘበኛዎ ከቢሮዎ ደጃፍ በሙሉ ክብር ገፍትሮ ስለጣለኝ ነው።

፩. ውጤቱን በአልትራሳውንድ ያየልኝን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ግራ እጄን በፋሻ ተጠቅልሎ ቢያገኘው፣ ቁስሉን የመሣሪያው ቅባት እንዳይነካብኝ አዝኖ ቀኙን አየልኝ። «ኧረ ወንድሜ፣ የተቀደደው ግራው ነው» ስለው፣ «ምን ችግር አለው? ሁለቱም ያው ያንተ ናቸው» አለኝ።

፪. እርስዎም ምስሉን አይተው «እብጠት የለ፣ ጠባሳ የለ፣ ግሩም ሥራ!» ሲሉ ራስዎን አመሰገኑ። ግራው አሁንም አይሰማኝም ብልዎ «ምስሉ አይዋሽም፤ ሥራህን ጀምር» አሉኝ።

፫. ጀመርሁ። የበሬ ጎድን በግራዬ ይዤ በመጥረቢያ ስመታ ቀጭን አጥንት ያገኘሁ መሰለኝ፤ አልበጠስ ቢለኝ ክንዴን አንሥቼ ደገምሁት። ደንበኛዬ «ኧረ ጣትህን! ጣትህን እኮ ነው!» ብላ ስትጮህ ቀና ብል ደሜ ፊቷ ላይ ተረጭቷል። ሌባ ጣቴና የመሀል ጣቴ ከጎድኑ ጋር ሥጋ መክተፊያው ግንድ ላይ ተጋድመዋል። ምንም አላመመኝም፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። የእኔን ጩኸት ባለቤቴ ጮኸችልኝ።

፬. አሁን አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ነው። ቶሎ ታይቶ ካልታከመ እጄ ጨርሶ እንደሚሰልል ቁስሌን የምታጥበው ነርስ ነግራኛለች። ቢሮዎ ግን «ድኗል ተብሏል» ይለኛል። ጌታዬ፣ እጅግ ተናድጃለሁ። መጥረቢያዬን ይዤ ወደ እርስዎ ልመጣ ስነሣ ባለቤቴ በሩ ላይ ተዘርግታ ነው ያስቀረችኝ። በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ያንን የአልትራሳውንድ መሣሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ግራ እጄ ላይ ያሳርፉልኝ።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በምስሉ መሠረት ፍጹም ጤነኛ የሆንሁት ታካሚዎ፣

ሥጋ ቆራጩ

ሳልረሳው፦ እርስዎም በዚሁ ሕመም እጅዎ ደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ሊደረግልዎ ነው ሲሉኝ ክው ብዬ ነበር። ሌላ ሆስፒታል መምረጥዎን ስሰማ ግን እፎይ አልሁ።