የሰርካ ሁለት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017

ከድሬዳዋ ጨርቅ ገባ። ሦስት ቦንዳ። ሠራተኞቼ ናስርና ሳሚ ወደ መጋዘን ሲያስገቡ አንዱን ጭቃ ላይ ጣሉት። "ዝናቡ ነው ኦቦ" አሉኝ። ሁሌም ዝናቡ ነው። ሻጯ ሰርካ ደግሞ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ብቻ ለገባች ሴት ሁለት ድሪያ ቀሚስና አንድ ሻሽ ሸጠችላት። ስልኩ ገና አልሞላም ነበር።

ቤት ስገባ መይሙና ወሬ ይዛ ጠበቀችኝ። ሚስቴ ወሬ ስትይዝ ራት ይዘገያል። ኢርሻድ፣ ያ ከእኔ ጎን ይነግድ የነበረው፣ ሂርና ላይ የሴቶች ልብስ ሱቅ ሊከፍት ነው። ሰርካን አብረሽኝ ሥሪ ብሏታል። ለአረፋ ዋዜማ መልሱን እነግርሃለሁ ብላዋለች።

"ስንት ጨመረላት?"

"ደሞዙ ያው ያንተው ነው።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምታስበው?"

"እሷን ጠይቃታ።"

አልጠይቃትም። ከጠየቅኳት የፈራሁ ይመስላል። ፈርቻለሁ እንዴ? አረፋን ያለሷ በማን ልነግድ ነው... በናስር?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

አረፋ ሊደርስ አራት ሳምንት። ደሞዝ አልጨምርም። ለሷ ከጨመርኩ ሁለቱም በማግስቱ ደጄ ላይ ይሰለፋሉ። ደግሞስ ሰው የሚያዘው በደሞዝ ብቻ ነው? እኔን እዩኝ። ጭሮ ውስጥ ለሠራተኞቹ በየቀኑ ጫት የሚገዛ ማን አለ? ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ መጋዘን ውስጥ ከእኔው ጋር ተደግፈው ይቅማሉ። ለስላሳውም በእኔ ነው። ናስር ስድስት ዓመት ያልለቀቀኝ ታዲያ በምን ሆነና?

ይህን ለመይሙና ነገርኳት። ሳቀች። ምኑ እንዳሳቃት ግን አልነገረችኝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ለሰርካ ጃንጥላ ገዛሁላት። ጥሩ ጃንጥላ፣ አበባ ያለበት። "ጀዛከላህ ኸይር፣ ኦቦ አብዱላሂ" አለች። ደስ ያላት መሰለኝ። ከሰዓት ዘነበ። ዕቃ የገዛች ደንበኛ እንዳትበሰብስ ብላ አዋሰቻት። እሷ ስትመልስ ሌላዋ ወሰደችው። አሁን ጃንጥላው የሱቁ ሆኗል። እኔም በሱ ነው ቤት የገባሁት። በአበባው ሰዎች ስቀውብኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ለነጋዴዎች ሥልጠና ተብለን ተጠራን። አሠልጣኙ ጢም እንኳን በቅጡ ያላወጣ ልጅ ነው። "ሠራተኛ ከገንዘብ ይልቅ ዕውቅና ይፈልጋል" አለ። የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ብላችሁ ፎቶውን ስቀሉ አለን። ግማሹ አዳራሽ ያንቀላፋል። እኔ ግን ጻፍኩት። የሚጠይቀው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ይጠቅማል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ከመታወቂያዋ ኮፒ ላይ ፎቶዋን አስነስቼ በትልቁ አሳተምኩ። ፊቷ ኮስተር ብሏል። መታወቂያ ላይ ማን ይስቃል? ከሥሩ "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ" ይላል። ቦታውን ፎቶው ስለጨረሰው ጽሑፉ ትንሽ አነሰ። ባዶ እንዳይመስል የሱቁን ማኅተም መታሁበት። ከሄደች በኋላ የበሩ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ስትገባ ታየዋለች... ፊቷን ለማየት ቸኩያለሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ወይ ጉድ።

በዚህ አገር ፎቶና ማኅተም አንድ ላይ በር ላይ የሚለጠፈው መቼ ነው? "ይህች ግለሰብ ከድርጅታችን ስለተሰናበተች ከእሷ ጋር የምትዋዋሉ በራሳችሁ ኃላፊነት" ሲባል ነዋ! ስንቱን እንዲህ ያለ ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት አልታየኝም? ግማሹ ደንበኛዬ የሚያነበው ኦሮምኛ በቁቤ ነው። አማርኛ የሚያነበውም ያን ደቃቃ ጽሑፍ ከመንገድ ማዶ አያየውም።

ከጁምዓ ስንወጣ አንዱ ትከሻዬን ያዘና "አብሽር፣ አላህ ይተካልሃል። ስንት ይዛ ጠፋች?" አለኝ።

ሱቅ ስደርስ የባሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። የሰርካ አክስት አዴ ዑሙልኸይር። የወርቅ ጉትቻዋን መሐረብ ውስጥ ቋጥራ መጥታለች።

"አንተ አብዱላሂ! ልጄ ምን ወሰደችብህ? ይኸው ያዝ። ፎቶዋን አውርድልኝ።"

"ኧረ አዴ፣ ምርጥ ሠራተኛ ነች ብዬ ነው!"

"ምርጥ ከሆነች ለምን በር ላይ ሰቀልካት?"

ሰርካ ከውስጥ ወጣች። ወረቀቱን ሳትቀድ ቀስ ብላ ላጠችው፣ አጠፈችው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አክስቷ መሐረቡን ፈትታ ጉትቻዋን መልሳ አደረገች... እሱን ማየት አልቻልኩም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ገበያው መሐል ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ "ሰርካ ሌባ አይደለችም" ስል ዋልኩ። ጭራሽ ያልሰማውም ሰማ። መይሙና "በቃ፣ ዝም በል" አለችኝ። ትክክል ናት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ጠየቅኳት።

"ኢርሻድ ምን ልስጥሽ አለሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያ በምን ሊወስድሽ ነው?"

"ጫት አይቅምም።"

አልገባኝም። የእሱ መቃም አለመቃም እሷን ምን አገባት? ጨርቁን ማጠፏን ሳታቆም አስረዳችኝ።

"እናንተ ሰባት ሰዓት ላይ ትገባላችሁ። እስከ ዘጠኝ ሱቁ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ቦንዳውን የማወርደው እኔ፣ የምሸጠው እኔ። ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። አራት ዓመት፣ ኦቦ። ለናስርና ለሳሚ በየቀኑ ጫት ይገዛሉ። ለእኔስ?"

"አንቺ አትቅሚም እኮ።"

"አዎ። አልቅምም።"

ለካ ለሁለቱ ጫትና ሁለት ሰዓት ስሰጥ፣ ለሷ የሰጠኋት የእነሱን ሥራ ነው። ቸር ነኝ ብዬ ደግሞ ለሚስቴ አወራሁ። አሁን ገባኝ ለምን እንደሳቀች።

"ምን ላድርግልሽ?" አልኳት።

"ሁለቱን ሰዓት ይስጡኝ።"

"ምን ልታደርጊበት?"

"እሱን ለእኔ ይተዉት።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ትናንትና ዛሬ በእሷ ፈንታ ከሰባት እስከ ዘጠኝ እኔ ቆምኩ። ሳልቅም። ራሴን አመመኝ።

የሸጥኩት? አንድ ሻሽ። እሱም ለወንድ። ሴቶቹ በር ላይ ይደርሳሉ፣ አንገታቸውን ያስገባሉ፣ "ሰርካስ?" ይላሉ። "እኔ አለሁ" ስል "እንመለሳለን" ይላሉ። አሥራ አንድ ሴት ቆጠርኩ። እውነትም ማን በእኔ ፊት ድሪያ ደረቷ ላይ ለክታ ታያለች? ለካ ወንዶቹ መጋዘን የምንገባበትን ሰዓት ጠብቀው ነው የሚመጡት። ሱቄ የሚሸጠው እኔ በሌለሁበት ሰዓት ነው! ሃያ ዓመት ነግጄ ይህን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

መይሙና ሰምታ "ስለዚህ ባንተ መቃም የተጠቀመው ሱቁ ነው" አለች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ከሰርካ ጋር ተነጋገርን። ልጅቷ ከእኔ የባሰች ነጋዴ ናት። በቀትሩ ሰዓት እሷ ትኖራለች፣ ወንድ ሱቁ ውስጥ አይኖርም። በምትኩ ጠዋት በሁለት ሰዓት ፈንታ በአራት ትገባለች። ቦንዳ ከስድስት ሰዓት በፊት ወርዶ ያልቃል። ምሳዋን ቁጭ ብላ እስክትበላ ናስር ሱቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው መቃም። የመሳቢያው ቁልፍም እሷ ጋ ይሁን አለች። እሺ አልኩ።

"ጠዋት ማን ይከፍታል?" አልኳት።

አየችኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትኩ፣ ጠረግኩ። ወገቤ!

ናስር ተኮሳትሯል። "ኦቦ፣ ደሞዜን ይንኩ፣ ጫቴን አይንኩ" አለ። ማን ነካብህ፣ መጀመሪያ ምሳዋን ትብላ ነው ያልኩህ አልኩት። ሳሚ ግን ቦንዳ በጠዋት ማውረድ ይቀላል፣ ጭቃው ደረቅ ነው አለኝ። ዝናቡ አይደለም ማለት ነው?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ጠዋት ጠዋት የት ትሄዳለች? ኮሌጅ ገባች? መንጃ ፈቃድ? ኢርሻድ ጋ ሄዳ ልምምድ? መይሙናን ጠይቂልኝ አልኳት። ጠይቃ መጣች።

"ትተኛለች።"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ?"

"ትተኛለች፣ ከዚያ ከአክስቷ ጋር ቁጭ ብላ ቁርሷን ትበላለች። በቃ።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

የአረፋ ዋዜማ። ሱቁ ሴት በሴት ሆነ። እኛ መጋዘን ውስጥ ሆነን ሳቃቸውን እንሰማለን። መውጣት ክልክል ነው። ሳሚ ውኃ ጠምቶት እንኳን ታገሠ።

ኢርሻድ ደወለ። "አልመጣም አለችኝ። ስንት ጨመርክላት?"

"ምንም።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ። እንቅልፍ ሰጠኋት።"

ሳቀብኝ። የማሾፍበት መስሎታል። ይምሰለው፣ ሂርና ላይም ጥሩ ሻጮች አሉ... እሱ ገና ይማራል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ከበዓል በኋላ ትናንት ከፈትን። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ መጥረጊያዬን ይዤ ስወጣ መንገደኛው ያየኛል፣ ከዚያ በሩን ያያል፣ ከዚያ እንደገና እኔን ያየኛል። ዞር ብዬ አየሁ። መስታወቱ ላይ ያው የእኔ ወረቀት፣ ያው ማኅተም፣ ያው "የወሩ ምርጥ ሠራተኛ"። በሰርካ ፎቶ ላይ ግን የእኔ ተለጥፏል። ፊቴ ኮስተር ብሏል። ትናንት ሱቅ ስትዘጋ ለጥፋው መሄዷ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ከአክስቷ ጋር መጣች። በደንብ የተኛ ሰው ፊት። አዴ ዑሙልኸይር በሩ ላይ ቆማ ፎቶዬን አፍጥጣ አየችው።

"ይህ ደግሞ ምን ወሰደ?"

"አራት ዓመት ሰዓቴን ወስደው ነበር" አለች ሰርካ ነጠላዋን እያወረደች። "መልሰዋል።"

ወረቀቱን አላወረድኩትም። መጥረጊያውን ጥግ አቁሜ መጋዘን ገባሁ።