ባለቤቱ የታለ?

ይሁኔ ሆዴ፣ ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። የምጽፍልህ አንተው ባስተማርኸኝ ፊደል ነው፤ ቢንጋደድብኝ አትሳቅ።

ቤቱ ቆመልህ። ወንድምህ የባሕር ዛፉን ምሰሶ ተክሎ፣ ጎረቤት ጭቃውን መርጎ፣ ቆርቆሮ አለበስነው። በሩ ወደ መንገድ ነው።

ጠላት ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ማርቆስ ላይ ተጨናንቆ፣ እኛም አንዱን ክፍል በምንጣፍ ከፍለን ከሌላ ቤተሰብ ጋር ስንኖር ታስታውሳለህ። ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው በታች ያለውን ሜዳ በገመድ ለክቶ አዲስ ሰፈር ሲያወጣ ዕጣ ደረሰን። አንተ በችካሎቹ መሀል እየተራመድህ መኝታውን፣ ጓዳውን፣ እንጨት የምትጠርብበትን ታሳየኝ ነበር። እኔ በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን አልሁ። ፕላኑ ወደ መንገድ ነው የሚለው ብትለኝ፣ ፕላን መጥቶ ይኑርበት ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍሁህ። በወሩ ሳል ጣለህ፤ ግድግዳው ሳይጀመር ሄድህ። ያን ሦስት ቀን አሁን ማን ይመልስልኝ?

ከዚያ አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መዝገብ ይዞ መጣና ከቦታችን ላይ ቆሞ ባለቤቱ የታለ አለኝ። እሱ የቦታውን ጌታ ነው የጠየቀው፤ እኔ ሞኟ ባሌን መስሎኝ የለም አልሁት። ጻፈና ሄደ። በሳምንቱ ቦታችን ባለቤት የሌለው ተብሎ ለሌላ ሰው ሊሰጥ መሆኑን ሰማሁ።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ እየሮጥሁ ሄድሁ። ጸሐፊው፣ የለም ያልሽው አንቺው አይደለሽም ወይ፣ ሰውየው ታዲያ የት ሄደ አለኝ። ይሁኔ፣ ከቀበርንህ ጀምሮ ያቺን ቃል ከአፌ አውጥቻት አላውቅም ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ የለም ነበር የምለው። የለም የተባለ ሰው ይመጣላ። ያን ዕለት ግን ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት ሞቷል አልሁ፤ ባለቤቱ እኔ ነኝ አልሁ። ያንተን ስም ሰረዘና የእኔን ጻፈ። ቤት ያገኘሁት እንዲህ ብዬ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ልጃችን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች። መምህሩ የሚጠራት ከነአባቷ ስም ነው። እኔም ከእሱ ተማርሁ፤ ለምሳ ስጠራት ጥሩወርቅ ይሁኔ እያልሁ ነው፣ አዲሱ ሰፈር በሙሉ እስኪሰማ። ይሰልቻቸው እንጂ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ አልተውም።