ያልነበረ ጨዋታ ለገደለው ልጄ

ለክቡር ፒሳንድሮስ፣
የኦሊምፒያ ጨዋታ ዳኞች አለቃ፣
ኤሊስ ከተማ።

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ባለፈው ዓመት ለቄሳሩ ስንት ጊዜ እንዳጎነበሱለት ከሕዝቡ መሃል ቆሜ ስላየሁ፣ ይህ ወገብ ይተርፍ ይሆን እያልኩ ሳስብልዎ ነው የከረምኩት። እኔ ከወንዙ ማዶ አሳማ የማረባው ሞስኮስ፣ የላምፒስ ልጅ ነኝ። ሚስቴ ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል፣ ልጄም ተከትሏታል፤ ስለዚህ ፊደሌን የሚያቃና ሰው በቤት የለኝምና ጠማማውን ይለፉልኝ። ደብዳቤውን በአዳራሽዎ በር ላይ የሰቀልኩት ለክብርዎ ብዬ ነው፤ ያነበበው ላላነበበው ይነግርልዎታል።

ቄሳሩ መሞቱ በተሰማ በወሩ እርስዎና ባልደረቦችዎ ተሰብስባችሁ፣ እሱ የተወዳደረበት ጨዋታ ጭራሽ እንዳልተደረገ ይቆጠር፣ ከመዝገብም ከድንጋይም ይፋቅ ብላችሁ ወስናችኋል። ልጄ ሶዳሞስ በዚያው ጨዋታ በትግል አሸንፎ ነበር። መቃብሩ ላይ የተጻፈው ስሙና ይኸው ድሉ ብቻ ነው። እንድፍቀው እስከ ወር መባቻ ቀን ሰጥታችሁኛል፤ እኔም ቀኑ ሳይደርስ ምስጋናዬን ላቅርብ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዓይንዎ አመሰግናለሁ። ሰው ሁሉ አራት ፈረስ ሲጠምድ ቄሳሩ አሥር ጠምዶ ገባ፤ ከሠረገላው ወደቀ፤ አንስተው መልሰው አሳፈሩት፤ አሁንም አልሆነለትም፣ መጨረሻው ሳይደርስ ተወው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲወድቅ አየው፣ እርስዎ ብቻ ሲያሸንፍ አዩት። በድሮ ጊዜ አንዲት ባዝራ ጋላቢዋን ጥላ ብቻዋን ሮጣ ጨረሰችና ዳኞቹ ድሉን ሰጧት ይባላል። እርስዎ ደግሞ ወድቆ ላልጨረሰው ሰጡ። ባዝራይቱ ቢያንስ መንገዱን ታውቀው ነበር።

ሁለተኛ፣ ሩጫና ትግል ብቻ ይታይበት በነበረው ቦታ ዘፈን ስላስገቡልን አመሰግናለሁ። ቄሳሩ ሲዘፍን እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ራስዎን ሲነቀንቁ አጠገቤ የነበረው ዓሣ ሻጭ፣ «አይ ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ጥርሱን ነው እንዴ የሚነቅሉት?» ሲለኝ፣ «ዝም በል፣ የአንተንም ያስነቅሉሃል» አልኩት። ሚስቴ ክሴኖ ቀድማ በመሞቷ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ይህንንም ደስታ ያገኘሁት በእርስዎ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ ልጄ ልምጣ። በትግሉ ቄሳሩ አልገባም። ምነው በገባ ኖሮ። ገብቶ ቢሆን ክቡርነትዎ ልጄን ገና ሳይጨብጠው ተሸንፈሃል ብለው ያስወጡት ነበር፣ ዛሬም በሕይወት ኖሮ አሳማ ያበላልኝ ነበር። የእርስዎ ውሸት ያልደረሰበት አንድ ሜዳ ቢኖር ያ ነበር፣ ልጄንም የገደለው ያ ነው። በቀትር ፀሐይ አምስት ሰው ጣለ። አምስተኛው፣ ከሰምርኔስ የመጣው ግዙፍ፣ ደረቱ ላይ ወደቀበትና ሁለት የጎን አጥንቱን ሰበረው፤ ልጄም በተሰበረ ጎኑ ተነስቶ ድል የሚሰጠውን ሦስተኛውን መጣል ጣለው። በአርባኛው ቀን ደም እየተፋ ሞተ። የተፋው ደም የት እንደሚመዘገብ የእርስዎ ጸሐፊ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል፤ ካልነበረ ጨዋታ የመጣ ደም አጥቤ አላውቅም።

አራተኛ። እኛ ዓመት የምንቆጥረው በጨዋታው ነው፣ ይህን ለእርስዎ አልነግርም። የሴት ልጅዎ በኩር ጨዋታው በተጀመረ በማግስቱ ተወልዶ ለከተማው ሁሉ ወይን አጠጥተውበት ነበር፣ እኔም አንድ ጽዋ ደርሶኛል። ጨዋታው ካልነበረ ሕፃኑ መቼ ተወለደ? እናቱን ቀስ ብለው ያረጋጓት። ልጅ አልነበረም ሲባል ወላጅን እንዴት እንደሚያደርግ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ምክር ካስፈለጋት ትምጣ።

አምስተኛ፣ በር ላይ ስለተቀበሉኝ አቀባበል። ልለምን መጥቼ፣ የሌሎቹን ፋቁ፣ የልጄን ተዉልኝ ስልዎት፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ከተማዋ ንጹሕ እንድትሆን ነው፣ ቻለው። አሁን ሂድ፣ አሳማ አሳማ ትሸታለህ» አሉኝ። እውነት ነው፣ እሸታለሁ። የእኔ ግን በውሃ ይለቃል።

ትናንት፣ የሰጣችሁኝ ቀን እንኳ ሳይደርስ፣ እርስዎ የላኩት ድንጋይ ጠራቢ ዞይሎስ መጣ። መሮውን አወጣና ድንጋዩ ላይ መቀመጤን ሲያይ፣ «አባቴ፣ ተነሱልኝ እንጂ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ ሲታገል አይተኸዋል?» አልኩት።

«አይቻለሁ።»

«ማን አሸነፈ?»

መሮውን ወደ ከረጢቱ መለሰ። «እነሱ ራሳቸው ይፋቁት» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰው አይላኩ፣ እርስዎ ራስዎ ይምጡ። በቀን ይምጡ፣ ሐምራዊ ካባዎን ለብሰው ይምጡ፣ መዶሻውን እኔ አቀብልዎታለሁ። «አሸናፊ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል ሲፍቁ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ይመልከትዎ። አይ፣ አልመጣም ካሉ ደግሞ ድንጋዩ እንዳለ ይቀራል። እኔ እውነቱን ካላዩት ዓይኖችዎ የተሻለ ጠባቂ ነኝ፤ ከላዩም አልነሳም።

ጤናዎን፣ ወገብዎን፣ ካባዎንም ለሚቀጥለው ቄሳር ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ ከእግርዎ በታች ሳይሆን ከልጄ መቃብር በላይ ተቀምጬ እጅ የምነሳዎ፣

ሞስኮስ የላምፒስ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በውሳኔው መጨረሻ ላይ አሸናፊ የተባሉት ሁሉ የወይራ አክሊላቸውን ይመልሱ የሚል አለ። የልጄን አክሊል ከራሱ ላይ ሳላወልቅ ነው አስከሬኑን ያቃጠልኩት፤ አመዱም አጥንቱም ከዚሁ ድንጋይ ሥር አንድ ማሰሮ ውስጥ ነው። የትኛው ወይራ፣ የትኛው ልጄ እንደሆነ የሚለይ የሠለጠነ ዓይን እርስዎ ስላለዎት፣ ሲመጡ ማሰሮውን እከፍትልዎታለሁ። እጅዎን ብቻ ታጥበው ይምጡ።