ከቁጥር አራት ጉድጓድ ስለተቀዳው ንጹህ ውሃ

ለተከበሩ የአደገኛ ቆሻሻ ማከማቻው ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ከማከማቻው በታች ለምንኖረውም ቢመኙልን ደስ ይለናል። እኔ ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ስቆፍር የኖርኩ፣ መርዝ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ መግባት አለመግባቱ የሚታይባቸውን አራት የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች የቆፈርኩልዎ ሰው ነኝ። ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሐንዲሷ ለክታ የተከለችውን የቁጥር አራት ችካል፣ የእንግዶችን መኪና ማቆሚያ ይዘጋል ብለው በገዛ እጅዎ ነቅለው ስምንት ሜትር ወደ አጥሩ ውስጥ ስላስገቡልን። አለቃ ካሉ ብዬ መቆፈሬን አልክድም። መርዙ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ከቆሻሻው ሥር የተነጠፈውን ፕላስቲክ መብሳታችንን ያወቅነው መሰርሰሪያው ጥቁር ቁራጭ ይዞ ሲወጣ ነው። መርዙን ሊጠብቅ የተቆፈረው ጉድጓድ መውረጃው ሆነ።

ሁለተኛ፣ በሲሚንቶ ልድፈነው ብዬ በዕለቱ ስለምንዎ ጉዳዩን ለኮሚቴ ስለመሩልኝ። ኮሚቴው የውሃ ምርመራ ውጤት ካልቀረበለት አይሰበሰብም፤ ምርመራው ደግሞ ኮሚቴው ካልፈቀደ አይደረግም።

ሦስተኛ፣ የቁፋሮ ማሽኔን በግቢዎ ስላቆዩልኝ። «ጉድጓዱ ደህና ነው» ብዬ ከፈረምኩ ይለቀቅልኛል፤ ካልፈረምኩ ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ። ይሁንና ልጄ ከአጥርዎ ግርጌ ትኖራለች፤ ከጓሮዋ ጉድጓድ ትቀዳለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡርም ናት። ባየችኝ ቁጥር «አባዬ፣ እንጠጣ ወይስ አንጠጣ?» ትለኛለች። ልቀቂ እንዳልላት ቤቷን የሚገዛ የለም፤ ጠጪ እንዳልላት አፌ አይታዘዝልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ሳወጣ ኖሬ ዛሬ ውሃ እፈራለሁ።

አራተኛ፣ ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ስላስለጠፉት ሪፖርት። ከቁጥር አራት የተቀዳው ውሃ ከአራቱም ጉድጓዶች ንጹሁ መሆኑን፣ ስለዚህም የመንደሩን ጉድጓዶች መመርመር እንደማያስፈልግ ቆሜ አነበብኩ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ማሽኑ በግቢዎ፣ ልጁ በግርጌዎ የቀረችበት ጉድጓድ ቆፋሪ

ማስታወሻ፦ የማሽኔን ሞተር ላሙቅ ብዬ ዘበኛውን አስፈቅጄ የገባሁ ዕለት፣ ቁጥር አራትን ከሥሩ እስከ አፉ በሲሚንቶ ደፍኜ ክዳኑን መልሼ ቆልፌዋለሁ። ይህም በሪፖርትዎ ናሙና ተወሰደ ከተባለበት ቀን ሦስት ሳምንት ይቀድማል። እንግዲህ ያ ንጹህ ውሃ ከየት እንደተቀዳ ቢጠቁሙን፣ ልጄ ባልዲዋን ይዛ እየጠበቀች ነው።